ብርዱ ነው የሰበረው

ከሸዋ ሮቢት ተነሥቼ ደብረ ብርሃን የገባሁት በአንዲት ስስ ሹራብ ነው። ሁለቱም ሰሜን ሸዋ ናቸው፤ የአንድ ዞን ከተሞች አየር ይህን ያህል ይራራቃል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። አውቶቡሱ ደብረ ሲናን አልፎ የጣርማበርን ዳገት ሲያያዘው ጆሮዬ ተደፈነ፤ ጣሊያን የሠራውን ዋሻ ስንወጣ ደግሞ ጥርሴ መንገጫገጭ ጀመረ። ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ደብረ ብርሃን 2,840 ገደማ። ቁጥሩን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ እጄ ግን በማግስቱ ጠዋት አወቀው። ሮቢት ላይ ፌሮ፣ ኮንክሪት ውስጥ የሚገባው ብረት፣ ቀትር ላይ በጨርቅ ካልያዙት ያቃጥላል። እዚህ ማለዳ በጨርቅ ካልያዙት ጣት ያደነዝዛል፣ ጉጠቱን ይዤ ሽቦ ልቋጥር ስል ጣቶቼ የሌላ ሰው ይመስሉኝ ነበር።

ጊዜው ኅዳር 2012 ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ዓመት አልሞላውም፣ በየመንደሩ ጂ+1 እና ጂ+2 እንደ አሸን ይፈላል፣ ፌሮ የሚያስር ሰው ይፈለጋል። እኔ ሮቢት ሁለት ዓመት በረዳትነት ስታፋ፣ የቆመውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያቅፈውን ቀጭን ብረት፣ ስቆርጥና ሳስር ቆይቻለሁ። እዚህ ስደርስ «ባለሙያ ነኝ» አልኩ። ማን ይጠይቃል?

የቀጠሩኝ ጠባሴ በኩል ለሚሠራ ጂ+2 ቤት ነበር። ባለቤቷን እትዬ ነው የምንላቸው። አረቄ አውጥተው፣ በግ አድልበው ባጠራቀሙት ገንዘብ የሚያሠሩት ቤት ነው። በየጠዋቱ በጋቢያቸው ላይ ባና ደርበው ሳይቱ ዳር ይቆማሉ። ሲሚንቶውን ከረጢት በከረጢት ይቆጥራሉ፣ ፌሮውን ግን ለካቦው ትተውታል።

ካቦው ጋሼ ናቸው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ንግግር የማያበዙ የመንዝ ሰው። የፌሮ ክብደት በቃላቸው ያሰላሉ፤ «ቁጥሩን በራሱ አባዛው፣ ለ162 አካፍለው፣ የአንዱ ሜትር ኪሎ ይወጣልሃል» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። ቁጥሩ የፌሮው ውፍረት በሚሊ ነው፤ ባለ 16 ማለት 16 በ16፣ 256፤ ለ162 ሲካፈል 1.58 ኪሎ። አንዱ በርጋ 12 ሜትር ስለሆነ 19 ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ፌሮ በኪሎ በሚሸጥበት አገር ይህቺን ስሌት የማያውቅ ካቦ አሠሪውን ለሚዛን አሳልፎ ይሰጣል። ለእኔ ግን በዚያን ቀን የሽማግሌ ወግ ነበር የመሰለኝ።

የመሠረቱ ኮለኖች፣ ምሰሶዎቹ፣ ኮንክሪት ተሞልተው አልቀዋል። ከእያንዳንዱ ኮለን አናት ስድስት ባለ 16 ፌሮ 1 ሜትር ከ20 ወጥቶ ቆሟል፤ 40 ሴንቲው ኮለኖቹን ከታች ለሚያያይዘው አግዳሚ፣ ለግሬድ ቢሙ፣ 80ው ከላይ ከሚመጣው ፌሮ ጋር ለሚደራረበው። 16 ሚሊ 50 ጊዜ፣ 80 ሴንቲ።

ለኅዳር ጽዮን ጋሼ ወደ አገራቸው ወጡ። ሳይቱ ላይ እኔና አንድ ረዳት ቀረን። በዚያው ሰሞን ሰለክት፣ የሙሌት አፈር፣ የጫነ ሲኖ ትራክ መጣና የፊት ለፊቱ ጥግ ኮለን መንገድ ዘጋበት። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ይህቺን እንጨት ካላነሣህልኝ እደጅ ደፍቼ እሄዳለሁ» አለ። እንጨት ነው ያላት። ከበሩ እስከ ሙሌቱ 30 ሜትር ቢሆን ነው፣ ግን በባሬላ ማመላለስ ሊኖርብን ነው። ሮቢት እያለሁ እንዲህ ሲደረግ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ቧንቧ አመጣሁ፣ በፌሮው ላይ ሰካሁ፣ ከኮንክሪቱ ጠርዝ ጋር አስደግፌ ተጫንኩት። ስድስቱም አንድ በአንድ ተኙ። አፈር ለበሱ፣ ሲኖው ላያቸው ላይ ገባ። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፍቶ አመሰገነኝ። እውነቱን ለመናገር ኮራሁ።

ጋሼ ሲመለሱ መጀመሪያ ያዩት እሱን ነው።

«የጥጓ ኮለን የት ገባች?»

«ከአፈር ሥር ናት ጋሼ። መኪና እስኪገባልን ብዬ አጥፌያት ነው።»

«በምን አጠፍካት?»

«በማጠፊያው።»

«ዙር አብጅተህ?»

«አዎ ጋሼ፣ ዙር አብጅቼ።»

ይህን ስል ዐይኔን ያሳረፍኩት ጫማቸው ላይ ነበር። እሳቸውም ትንሽ ዝም አሉና፣ «መታጠፏ ራሱ ደግ አልነበረም። እንግዲህ ስትነሣ እኔ በሌለሁበት እንዳትነካት» ብለው ሄዱ።

ዙር አላበጀሁም። ፌሮ ሲታጠፍ ለውፍረቱ የሚመጥን ክብ ነገር ላይ ተጠምጥሞ ነው መዞር ያለበት። እስከ ባለ 16 ድረስ የመጠምጠሚያው ውፍረት የፌሮውን ቢያንስ አራት እጥፍ፣ ከዚያ ለወፈረው ሰባት እጥፍ። ለባለ 16፣ 64 ሚሊ ማለት ነው። እኔ ያጠፍኩት በሹል የኮንክሪት ጠርዝ ላይ ነው፣ ዜሮ ሚሊ በሉት። ያን ጊዜ ይህን በቁጥር አላውቀውም፤ ማፈር እንዳለብኝ ግን አውቄያለሁ። ስለዚህ ጋሼ ሳይደርሱ ላቃናቸው ወሰንኩ። ቀጥ ካሉ ማን ያያቸዋል?

ሦስት ሳምንት አለፈ። ታኅሣሥ ገባ። አንድ ቀን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከረዳቱ ጋር ሳይት ደረስን። ሙሌቱ በውርጭ ነጥቷል፤ በርሜሉ ውስጥ ያለው ውኃ ላዩ ስስ በረዶ ሠርቶ በጣት ሲነኩት ይሰነጠቃል። አፈሩን ጠርገን ቧንቧውን ሰካን። የመጀመሪያው ፌሮ ተነሣ፤ ከሥሩ ጉልበት የመሰለች ጠማማ ቀረችበት እንጂ ቆመ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ «ጧ!» አለ። ቧንቧውን እንዳቀፍኩ በጀርባዬ ሙሌቱ ላይ ተዘረጋሁ፤ ረዳቱ ጥይት የተተኮሰ መስሎት አጎንብሷል። አራተኛውን ፈራ ተባ እያልን አነሣነው። አምስተኛው ድምፅ እንኳ አላሰማም፤ እንደ ደረቀ ሸንኮራ እጃችን ላይ ቀረ። ስድስተኛውን አልነካነውም።

እትዬ ድምፁን ሰምተው ባናቸውን እየጎተቱ መጡ።

«ምን ሆናችሁ ልጄ?»

አፌ ቀደመኝ። «ብርዱ ነው እትዬ። ብርዱ ሰበረው።»

«በስመ አብ! ብረት የሚሰብር ብርድ!» አማተቡ። ሁለት ሰዓት ሳይሆን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። የደብረ ብርሃን ሰው በብርዱ ያማርራል፣ ግን ሌላው አገር በብርድ እንዲበልጠው አይፈልግም፤ ወሬው ደስ ሳይለው አልቀረም። አናጢዎቹም ግንበኞቹም እየመጡ ስባሪውን እያገላበጡ «ውርጭ ነው፣ ውርጭ ነው» አሉ። እኔም ደጋግሜ ስሰማው ማመን ጀመርኩ።

ጋሼ መጡ። ስባሪውን አንሥተው አፉን አዩት። ምንም አላሉም። ቀጥሎ ኢንጂነሩ ደረሰ፣ ወጣት ነው፣ ከእኔ በአምስት ዓመት ቢበልጥ ነው። ከሰዉ መሃል አንዱ፣ «የቀሩትን በከሰል አግለን ብናቃናቸውስ? የተሰበሩትንም በብየዳ እንቀጥላቸው» አለ። ኢንጂነሩ እጁን አወዛወዘ። «የዛሬ ፌሮ ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ ግሎ ሳለ ውኃ ተረጭቶበት ላዩ ስለጠነከረ ነው። እዚህ እስኪቀላ ብታግለው ያንን ታጠፋበታለህ። ቀጥ ይልልሃል፣ ለስላሳ ሆኖ።» ብየዳውንም ከለከለ።

«ይህ ግን ብርዱ ነው አይደል፣ ኢንጂነር?» አልኩ። ጋሼን እንዳላይ ነው ለእሱ የጠየቅሁት።

«ብርድ ድርሻ አለው» አለ። «ከ5 ዲግሪ በታች ሲሆን ፌሮ በዝግታ እንዲታጠፍ ይመከራል። ግን...»

ጋሼ አላስጨረሱትም። ከቁርጥራጩ ክምር ውርጭ የለበሱ ሁለት ባለ 16 መዘው አወጡ። ማጠፊያው ጣውላ ላይ ወፍራሙን መጠምጠሚያ ቧንቧ ሰኩና አንዱን በዝግታ እስከ ዘጠና ዲግሪ አጠፉት፤ ከዚያ መልሰው አቃኑት። ትንሽ ተንሻፈፈ፣ አልተሰበረም። ሁለተኛውን ወደ ኮለኑ ጠርዝ ወሰዱትና ለእኔ ሰጡኝ። «እንዳጠፍካት አድርገህ እጠፋት» አሉ።

አጠፍኩት። ጋሼ አስጎንብሰው በጣታቸው አሳዩኝ፤ ከእጥፋቱ ውጭ በኩል፣ ከፌሮው ጥርሶች ሥር፣ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ተሰልፈዋል። «አሁን አቃናት።» ስጫነው ተሰበረ። ሁለቱም ፌሮ ያደረው አንድ ውርጭ ውስጥ ነው።

ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ኢንጂነሩ ያቋረጠውን ቀጠለ፦ አንዴ በኃይል የታጠፈ ብረት ከከረመ በኋላ እጥፋቱ ላይ ይደርቃል፣ ሦስት ሳምንት አፈር ውስጥ መቆየቱም አልጠቀመውም። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው በዝቅታ፣ «ዙር አብጅቼ ነው ያልከኝ» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

የቀረው ሥራ ነው፣ እሱም መራራ። እኔ የተሰበሩት ሁለት ብቻ ይቀየራሉ ብዬ ነበር። ኢንጂነሩ፣ «የተሰበሩት ሁለት፣ የተጎዱት ስድስት» አለና ከኮለኑ አናት ወደ ታች 80 ሴንቲ ፍረስ አለኝ። ያልተነካው ፌሮ እስኪገኝ ማለት ነው፤ አዲሱ ፌሮ ከደህናው ጋር 80 ሴንቲ መደራረብ አለበት። በመሮና በመዶሻ፣ ታች ያለውን ፌሮ ሳልነካ፣ አራት ቀን ፈጀብኝ። ፌሮ አጥፎ ለማያውቅ ሰው ኮንክሪት የሞተ ነገር ይመስለዋል፤ ቀስ ብለህ ልታስለቅቀው ስትሞክር ግን ፌሮውን እንዴት አንቆ እንደያዘው ታያለህ። ጣቴ ደማ፣ አቧራው ጉሮሮዬ ላይ ጋገረ። ከላይ ሁለት ባለ 8 ስታፋ ረሰሁና ጋሼ አስፈትተው አሳሰሩኝ፤ ድርርቡ ላይ በየ10 ሴንቲው፣ ጫፋቸውም ወደ ኮለኑ ልብ የገባ እንጂ በዘጠና ዲግሪ ብቻ የቆመ እንዳይሆን። በዘጠና የቆመ ጫፍ ኮንክሪቱ ሲላጥ ይከፈታል።

አዲሶቹ ስድስት ፌሮዎች እያንዳንዳቸው 2 ሜትር ናቸው፣ 80ው ከታች፣ 1 ሜትር ከ20ው ከላይ። ስድስት ጊዜ ሁለት አሥራ ሁለት፤ ልክ አንድ በርጋ። አስራ ዘጠኝ ኪሎ የማይሞላ ብረት። ሲኖው በባሬላ ቢራገፍ ኖሮ እኔና ረዳቱ አንድ ከሰዓት እንደክም ነበር፣ ያ ብቻ። የአራት ቀኑ ደሞዜ ተቆረጠ፣ እሱ ተገቢ ነው። በርጋው ግን ከእትዬ ክምር ነው የተመዘዘው።

ዛሬ እኔም ካቦ ነኝ፤ ከሥሬ ስድስት ልጆች ይሠራሉ። መኪና የሚገባበትን በር መሠረት ሳይቆፈር ነው የማስጠይቀው፤ ኢንጂነር ካላዘዘ በቀር ከኮንክሪት የወጣ ፌሮ አይታጠፍም። ቢታዘዝም በዙር ይታጠፋል፣ አንዴም ይቃናል። ስባሪዋን ማጠፊያው ጣውላ ጎን በሽቦ አንጠልጥያታለሁ። አዲስ ልጅ ሲመጣ ምን እንደሆነች ይጠይቀኛል፤ የምነግረው እንደ ቀኑ ነው፤ አንዳንድ ቀን ሁሉንም፣ አንዳንድ ቀን «ተወው፣ ጉጠትህን ያዝ» ብቻ።

ባለፈው ታኅሣሥ በጠባሴ ሳልፍ እትዬ ከፎቃቸው በረንዳ ላይ ሆነው አዩኝና «ና ውጣ» አሉኝ። ቡና ተፈልቷል፣ እንግዳ አለ፣ ጉርድ ምድጃው ላይ ፍም ይታያል። ለእንግዶቹ እኔን እያሳዩ፣ «ይኸውላችሁ፣ የዚህን ቤት ፌሮ ብርድ ሲሰብረው ያየው ልጅ! አንድ በርጋ ሙሉ ነው የበላብኝ ያ ውርጭ» አሉ። እንግዶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

ስኒውን ተቀበልኳቸው። «ኧረ ያን ዓመት ብርዱስ ክፉ ነበር፣ እትዬ» አልኩ።