ጀበና መሥራት እየተማርኩ ነው፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሸክላ የጀመርኩት ለቤቴ የሚሆን ቆንጆ ዕቃ ስፈልግ ነው። እዚህ ሜሪላንድ በእጅ የተሠራ ኩባያ ወይም የአበባ ማስቀመጫ ልብ ይሰርቃል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። ስለዚህ ሰፈራችን ባለው የማኅበረሰብ ማዕከል የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። ኩባያና ሳህን እጄ ከለመደ በኋላ ሐሳቤ ሁሉ ጀበና ላይ አረፈ። አሁን እሳት ላይ የሚጣድ፣ ቡና የሚያፈላ ጀበና አለኝ። ሸክላ ለምትነካኩ ሁሉ እዚህ ለመድረስ የረዳኝን ላካፍላችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአፈሩ ነው። ማዕከሉ ውስጥ የምንሠራው ስቶንዌር በሚባለው ጭቃ ነው። በኤሌክትሪክ ምድጃ ሁለት ጊዜ ይተኮሳል። መጀመሪያ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ከዚያ መስተዋት መሳዩ ቅብ ይቀባና 1220 ገደማ። በዚህ ሙቀት ጭቃው በከፊል ቀልጦ ይጠጥራል። ውሃ አያሳልፍም፤ ሲያንኳኩት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ለኩባያ ተወዳዳሪ የለውም።

እሳት ላይ ግን አይጣድም። ታቹ ሲግል ይለጠጣል፤ ላዩ ገና ቀዝቃዛ ነው። ሁለቱ ይጓተታሉ። ስቶንዌር ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ይህን መጓተት የሚችልበት ክፍተት የለውም። አንዲት ስንጥቅ ከተነሣች ዳር እስከ ዳር ትሄዳለች። ይህን በዓይኔ ማየት ስለፈለግሁ ለሙከራ ብቻ ትንሽ ጎድጓዳ ሠርቼ ውሃ ሞልቼ ጋዝ ላይ ጣድኳት። ብዙም ሳትቆይ ጧ አለች። ስንጥቁ የተነሣው ታቹና ግድግዳው ከሚገናኙበት ሹል ጥግ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የእኛ ጀበና መንገዱ ሌላ ነው። ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት የሚነድ እሳት አብዛኛውን ጊዜ ከ600 እስከ 850 ዲግሪ ነው የሚደርሰው። ጭቃው ሸክላ ይሆናል እንጂ አይቀልጥም። ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ክፍት ይቀራሉ። በዚያ ላይ ጭቃው ውስጥ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ይገባል። ስንጥቅ ሲነሣ ቀዳዳ ወይም የገል ፍንካች ያገኘዋል፤ እዚያው ይቆማል። የጀበናው ሆድ ክብ መሆኑም ለውበት ብቻ አይደለም። ጥግ የሌለው ዕቃ ሙቀቱን እኩል ይካፈላል። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ውስጡና ውጪው አብረው ይግላሉ። እኔ ይህን ሁሉ ሳውቅ ለጀበና ያለኝ ክብር ሌላ ሆነ። ተራ የገበያ ዕቃ እያልን የምናልፈው ነገር ለእሳት ተብሎ እያንዳንዱ ነገሩ የታሰበበት ነው።

አዲስ አበባ በሄድኩ ጊዜ ቀጨኔ ገባሁ። በእንጦጦ ግርጌ ያለው ይህ ሰፈር በሸክላ ሠሪ እናቶቹ ይታወቃል። አንዲት እናት አጠገባቸው አስቀምጠው አሳዩኝ። መሽከርከሪያ የለም። ጭቃውን እንደ ገመድ አድበልብለው ይደራርባሉ፤ በጣታቸው እያያያዙ ወደ ላይ ይስባሉ። እጃቸው ሳይቆም «አትቸኩል ልጄ፣ ሆዱ ሳይጠና አንገት አይጫንም» አሉኝ። ማዕከሉ ውስጥ ብዙ የተማርኩ ቢሆንም ከዚህ ዓረፍተ ነገር በላይ የጠቀመኝ የለም።

ምክንያቱም የጀበና ፈተናው አንገቱ ነው። ሆዱ እርጥብ ሆኖ አንገት ከተጫነበት ይጎብጣል። ሆዱ ከደረቀ ደግሞ አንገቱ አይያያዝም። ትክክለኛው ሰዓት ጣት ሲጫኑት አሻራ የማይተው፣ ጥፍር ሲያስገቡበት ግን የሚቀበልበት ነው። ያን ጊዜ ሁለቱን ከንፈር በሹካ እጫጭራለሁ፣ ቀጭን ጭቃ እቀባለሁ፣ አጋጥሜ ከውጭም ከውስጥም አሻለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው ማድረቅ ነው። አንገት ቀጭን ስለሆነ ከሆዱ ቀድሞ ይደርቃል፣ ይሸበሸባል፣ መጋጠሚያው ላይ ይቀደዳል። አሁን አንገቱን በላስቲክ እጠቀልላለሁ፤ ሆዱን ክፍት እተዋለሁ። መድረቁን የማውቀው ጉንጬ ላይ አስደግፌ ነው። ከቀዘቀዘኝ ውስጡ ገና ውሃ አለ። እሳት ውስጥ ከገባ ውሃው 100 ዲግሪ ላይ እንፋሎት ሆኖ ዕቃውን ያፈነዳዋል።

ለጭቃው የተሰበሩ ሸክላዎቼን ወቅጬ፣ በወንፊት ነፍቼ፣ ከአራት እጅ አንድ እጅ ያህል እጨምራለሁ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባላል። እኔ ቤት ግን ገል የሚጣል ነገር አይደለም፤ ተመልሶ ጭቃ ውስጥ ይገባል።

ከሥራው ሁሉ ደስ የሚለኝ ማሸቱ ነው። ዕቃው ጠንከር ሲል ለስላሳ የወንዝ ጠጠር እወስዳለሁ። መጀመሪያ ትንንሽ ክብ እየሠራሁ፣ ከዚያ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አሻለሁ። የጭቃ ቅንጣት ጠፍጣፋ ነው። ድንጋዩ ሲጫነው ይተኛል፣ ይደራረባል፣ ብርሃን ይመልሳል። ምንም ቅብ ሳይኖረው ያበራል። መብራት በጎን በኩል አድርጋችሁ ሥሩ፤ ያልታሸው ቦታ ወዲያው ይታያችኋል። ይህ ብርሃን ግን ከፍተኛ ሙቀት አይወድም። እሳቱ 1000 ዲግሪ ከደረሰ ይጠፋል። ለዚህም ነው በማዕከሉ ምድጃ ያልተኮስኩት።

የተኮስነው ቨርጂኒያ ገጠር፣ የጓደኛዬ እርሻ ላይ ነው። ኩበት ስለሌለ የደረቀ የፈረስ ፋንድያ ተጠቀምን። ቀስ ብሎ ይነዳል፤ አመዱ ሙቀቱን ይይዛል። ዕቃዎቹን መጀመሪያ በእሳቱ ዙሪያ እያገላበጥን አሞቅናቸው። ይህን አትዝለሉት። ከዚያ ፋንድያውን ሸፈንንባቸው፣ እንጨት ከመርንበት፣ እስኪግሉ ጠበቅን። ግማሾቹን እንደጋሉ በረጅም መቆንጠጫ አውጥተን ሰጋቱራና ደረቅ ቅጠል ላይ አስቀመጥናቸው፤ የብረት በርሜል ደፋንባቸው። ጭሱ ታፍኖ ካርቦኑ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ገባ። አየር ስላጣ ጭቃው ውስጥ ያለው ብረትም ቀይነቱን ለቀቀ። እነዚህ ጥቁር ሆነው ወጡ። ሌሎቹ ቀይ ናቸው፤ ነበልባሉ የላሳቸው ቦታ ላይ ጠቆር ያለ ደመና አለባቸው። እኔ ደመናውን እወደዋለሁ። ማንም አስቦ ሊሥለው አይችልም።

በዚሁ ዘዴ የዓለም ሙዚየሞች የሚሻሙበትን ሥራ የምትሠራ ሴት አለች። መግደሊን ኦዱንዶ በ1950 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ተወለደች፤ የምትኖረው እንግሊዝ ነው። መሽከርከሪያ አትጠቀምም። በእጇ ትገነባለች፣ ታሻለች፣ ትተኩሳለች። አንዳንዱን ብርቱካናማ ቀይ አድርጋ ትተወዋለች፤ ሌላውን አየር ነሥታ ታጠቁረዋለች። ዋሽንግተን ያለው ብሔራዊ የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ሥራዋ አለ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ናይጄሪያ አቡጃ (ዛሬ ሱሌጃ የምትባለው ከተማ) ሄዳ የተማረችው ከሸክላ ሠሪ እናቶች ነው። ከእነሱ አንዷ ላዲ ክዋሊ ናት፤ ዛሬ የናይጄሪያ 20 ናይራ ኖት ጀርባ ላይ ምስሏ ታትሟል። ሸክላ ሠሪ በገንዘብ ላይ!

የላዲ ክዋሊ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚይዘኝ አንድ ነገር አለ። በአገሯ ወግ የምትሠራቸው ትልልቅ የውሃ ገንቦዎች አቡጃ ሲደርሱ ቅብ ተቀብተው በከፍተኛ ሙቀት ተተኮሱ። አማሩ፣ ኤግዚቢሽን ገቡ። ነገር ግን ቅብ ያለበት ገንቦ ውሃ አያቀዘቅዝም። የእኛ እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው በቀዳዳዎቹ ትንሽ ትንሽ እያላበ፣ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። ቀዳዳው ሲዘጋ ሥራው ይቆማል። ሁለቱም ዓይነት ሸክላ ቦታ አለው። እኔ ግን ልቤ የሚያዘነብለው ወደሚሠራው ዕቃ ነው።

ሌላም የሚከነክነኝ አለ። የኦዱንዶ ዕቃ ስሟን ይዞ ይዞራል። የቀጨኔ ጀበና በየቤቱ፣ በየሬስቶራንቱ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ አለ፤ የሠራችውን ግን የሚጠይቅ የለም። እነዚህ እናቶች «ቡዳ» እየተባሉ ስንት ዘመን ተገልለው ኖሩ። ይህን ዕቃ በእጄ ለመሥራት ከሞከርኩ ወዲህ ያ ስድብ ይበልጥ ያናድደኛል። ስለዚህ ስትገዙ ስማቸውን ጠይቁ። ለእንግዳ ቡና ስትቀዱም ስማቸውን ጥሩ። ዋጋም አትከራከሩ።

ወደ ጥጉ ልመለስ። እዚህ አገር የብዙዎቻችን ምድጃ ላዩ መስታወት ነው። ክብ ጀበና አይቆምበትም። ታቹን ዝርግ ካደረግሁት ደግሞ ያ ሹል ጥግ ይመጣል። ለጊዜው ያገኘሁት መላ ታቹን ጠበብ ባለ ዝርግ መጨረስና ጠርዙን በአውራ ጣት ማዞር ነው። ቀስ ብሎ እስከሞቀ ድረስ እየቻለ ነው። ክቡን ጀበናዬን ግን ትንሿ የጋዝ ምድጃ ላይ ነው የምጥደው፣ ሲወርድ ማቶቱ ላይ ይቀመጣል።

አዲሱ ጀበና መጀመሪያ ላይ ያልባል። አትደንግጡ። የቡና አተላና ውሃ አድርጌ በዝግታ ደጋግሜ አፈላሁበት፤ ዘይቱና ደለሉ ቀዳዳውን ሞላው፣ ማላቡም ቆመ። ምጣድ በጎመን ዘር ማሟሸት ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በሳሙና ግን አትጠቡት። ሳሙናው ውስጡ ይቀርና ቡናው ላይ ይመጣል። በጭስ ያጠቆርኳቸውን የአበባ ማስቀመጫዎች ደግሞ ውሃ አልሞላባቸውም፤ ደረቅ አበባ ነው የማደርግባቸው።

ለመግዛት ለምታስቡ፦ ጀበናውን በእጀታው አንጠልጥላችሁ በጣታችሁ አጥንት መታ አድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው። ከታፈነ የሆነ ቦታ ስንጥቅ አለው። የአንገቱን መጋጠሚያና የእጀታውን ሥር በጣታችሁ ዳስሱ። አውሮፕላን ላይ በእጃችሁ ያዙት፤ ሆዱ ውስጥ ካልሲ ሙሉበት።

አሁን የጀመርኩት ሲኒ ነው። ለእሱ ወደ ስቶንዌር ተመልሻለሁ፤ ሲኒ እሳት አያገኘውም፣ ቡናም መምጠጥ የለበትም። ውስጡን ነጭ፣ ውጪውን ያለ ቅብ አደርገዋለሁ። ይህ ጭቃ ደርቆ እስኪተኮስ 12 በመቶ ያህል ስለሚያንስ እርጥቡን ሰፋ አድርጌ ነው የምሠራው። ያስቸገረኝ ከንፈሩ ነው፤ ስስ ሳደርገው በመተኮስ ጊዜ ክብነቱን ይለቃል። ሁለት ሲኒ ከንፈር ለከንፈር ገጥማችሁ ተኩሳችሁ የምታውቁ ካላችሁ እንዴት እንደሆነላችሁ ጻፉልኝ።