ሁለት ታኅሣሥ በጊች

በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስሄድ ብርድን የማውቀው መስሎኝ ነበር። እንጦጦ ሥር እንዳደገ ሰው የጠዋት ቁር አዲሴ አይደለም፤ ጎንደር ባደርንበት ምሽትም አንድ ሹራብ በቂ ሆኖ ስላገኘሁት፣ የፓርኩ መግቢያ በሆነችው በደባርቅ ከተማ ስሊፒንግ ባግ ስንከራይ ነገሩን እንደ ተራ ጉዳይ ነው ያየሁት። አከራዩ ያወረደልኝ የመኝታ ከረጢት ማቀፊያው ላይ በትልቁ «−10» የሚል ቁጥር ታትሞበታል። ፓርኩ ውስጥ በምናድርበት ጊች በተባለው ሰፈር ላይ ሌሊቱ ቢከፋ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ነው ተብለን ስለነበር፣ ትርፍ እንኳ አለኝ ብዬ ሒሳቡን በልቤ ዘጋሁ።

የመጀመሪያውን ሌሊት ሳንቃ በር ላይ፣ በ3,250 ሜትር ከፍታ፣ ልብሴን ሁሉ ደርቤ እንደ ምንም አሳለፍሁት። ጊች ግን ሌላ ነው። ሰፈሩ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ፣ ከጎንደር ከተማ በ1,500 ሜትር ያህል መብለጡ ብቻውን ወደ 10 ዲግሪ ያስቀንሳል። በበጋ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድር፣ መሬት ቀን የጠጣችውን ሙቀት የሚይዝላት ደመና የለም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የነቃሁት ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነበር። የሚገርመው ግን ደረቴ ያን ያህል አልበረደውም፤ የሚያቃጥለኝ ከመሬት ጋር የተያያዘው ዳሌዬና ትከሻዬ ነበር። ተገላብጬ ጎኔን ስለውጥ የተለወጠው ጎን በተራው ይደነዝዛል።

ሲያቅተኝ ወጥቼ እሳት ዳር ሄድሁ። የፓርኩ ጠባቂያችን፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ ጋቢያቸውን ካፖርታቸው ላይ ደርበው፣ ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል።

«ና ልጄ፣ ሙቅ» አሉኝ። «ከላይ አይደለም የበረደህ። ምድር ናት የበላችህ።»

«አያ፣ እርስዎስ አይበርድዎትም?»

«አጎዛው ከሥር አለ» ብለው መዳፋቸውን የበግ ቆዳው ላይ አሳረፉ።

ያን ጊዜ እንደ ሽማግሌ ወግ ነበር የሰማሁት፤ ኋላ ግን ስለ መኝታ ከረጢት ካነበብሁት ሁሉ ቀድሞ የተነገረኝ ትምህርት እሱ መሆኑ ገባኝ። ከረጢት በራሱ ሙቀት አይፈጥርም፤ የገላን ሙቀት የሚጠብቀው በውስጡ ያለው፣ የማይንቀሳቀሰው አየር ነው። ሰው ሲተኛበት ከሥሩ ያለው ሙሌት ይጨፈለቅና አየሩ ይወጣል፤ ስለዚህ ከሥር የሚከላከለው ከረጢቱ ሳይሆን ምንጣፉ ነው። የእኔ ምንጣፍ ደግሞ የጣት ውፍረት እንኳ አልነበራትም።

ሲነጋ ድንኳናችን በውርጭ ነጭ ሆኖ፣ ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች በሜዳው ላይ እንደ ዘበኛ ተገትረው ሳለ፣ የከረጢቱን ማቀፊያ አንሥቼ በትናንሽ ፊደል የተጻፈውን አነበብሁ። ሦስት ቁጥሮች ነበሩ፤ ምቹ +8፣ ዝቅተኛው ወሰን +3፣ የመጨረሻው ጫፍ −10። እኔ ያመንሁት ሦስተኛውን ነው።

አዲስ አበባ ተመልሼ ስለ እነዚህ ቁጥሮች ሳነብ ክረምቱ ገባ። ልኬቱን አውሮፓውያን በ2002 እ.ኤ.አ. ደንብ አበጅተውለት፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ደረጃ ተክቶታል። የሙቀት መለኪያ የተገጠመለት፣ እንደ ሰው ገላ የሚሞቅ አሻንጉሊት ስስ ልብስ ለብሶ፣ ከሥሩ ምንጣፍ ተነጥፎለት፣ በከረጢቱ ውስጥ ሆኖ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ይተኛል፤ ቁጥሮቹ የሚሰሉት ከዚያ ነው። ምቹ የሚባለው አንዲት የ25 ዓመት፣ 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ዘና ብላ የምትተኛበት፣ ዝቅተኛው ወሰን አንድ የ25 ዓመት ወንድ ተኮራምቶ የሚያድርበት ነው። የመጨረሻው ጫፍ ግን የእንቅልፍ ቁጥር አይደለም፤ ያቺው ሴት በብርድ የመሞት አደጋ ተደቅኖባት ስድስት ሰዓት የምትቆይበት ነው። ይህን ካነበብሁ በኋላ ያንን −10 በትልቁ ያሳተመው ሰው ጊች ላይ አንድ ሌሊት እንዲያድርበት ተመኘሁ። እኔ ደግሞ 25 ዓመት ከሞላኝ ብዙ ጊዜዬ ነው፣ ማታም ቶሎ እግሬን የሚበርደኝ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ወንድ ነኝ ብዬ በወንዱ ቁጥር ከመኩራራት የሴቲቱን ቁጥር ይዤ ለመግዛት ወሰንሁ። ሌሊቱ −5 ይደርሳል ከተባለ፣ ምቹ ተብሎ የተጻፈው −5 ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት።

ዴንቨር የምትኖረው እኅቴ ገበያ ወጥታ በቪዲዮ እያሳየችኝ ምርጫው ወደ ሦስት ጠበበ፤ ሦስቱም ምቹ ቁጥራቸው −6 አካባቢ ነበር። አንደኛው ሙሌቱ ሰው ሠራሽ ክር ሲሆን ክብደቱ 2.3 ኪሎ ነው። ሁለተኛው በዳክዬ፣ ሦስተኛው በዝይ ዳውን የተሞሉ ናቸው። ዳውን ማለት ክንፍ ላይ የምናየው ዘንግ ያለው ላባ ሳይሆን፣ ከሱ ሥር ከወፉ ደረት ላይ የሚገኘው፣ ዘንግ የሌለው፣ እፍ ቢሉት የሚበር ለስላሳ፣ ጸጉር መሰል ላባ ነው። ቀላል ሆኖ ብዙ አየር ስለሚይዝ ተራራ ወጪዎች ከጥንት ያውቁታል፤ በ1922 እ.ኤ.አ. ወደ ኤቨረስት ከወጡት አንዱ የነበረው ጆርጅ ፊንች በዳውን የተሞላ ካፖርት አሰፍቶ ለብሶ ነበር። ጥራቱ የሚለካው ፊል ፓወር በሚሉት ቁጥር ነው፤ 28 ግራም ያህል ዳውን ሲለቀቅ ስንት ኪዩቢክ ኢንች እንደሚሞላ ይነግራል። የዳክዬው 650፣ የዝይው 850 ነበር።

እዚህ ላይ ሻጮች የሚያደናግሩበት ነገር አለ። ፊል ፓወር የሙሌቱን ጥራት እንጂ መጠኑን አይናገርም፤ 300 ግራም ባለ 850 ከ600 ግራም ባለ 650 ያነሰ ይሞቃል። ስለዚህ እኅቴን ውስጡ ስንት ግራም እንዳለ እንድታነብልኝ አስቸገርኋት። የዳክዬው 850 ግራም ሙሌት ይዞ በጠቅላላው 1.5 ኪሎ ይመዝናል፤ የዝይው 1.1 ኪሎ። የ400 ግራም ልዩነት ነው፣ ዋጋው ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከሻንጣዬ ውስጥ የማልፈልገውን 400 ግራም አውጥቼ መጣል አያቅተኝም ብዬ የዳክዬውን መረጥሁ፤ እስካሁን አልጸጸተኝም።

ሰው ሠራሹንም ያጣጣልሁት በከንቱ አይደለም። ዳውን ከራሰ ተጣብቆ እንደ እርጥብ ጥጥ ይሆናል፣ ሙቀቱም ያልቃል፤ ሰሜን ተራራን በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ለሚሄድ እኔ ራሴ ሰው ሠራሹን እመክራለሁ። ጭነቱን በበቅሎ ለሚያስጭን መንገደኛም፣ እዚያ ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚሄደው እንደዚያ ነው፣ የአንድ ኪሎ ልዩነት የበቅሎዋ ጉዳይ ነው። እኛ ግን በበጋ፣ በገዛ ጀርባችን ተሸክመን ለመሄድ ስለወሰንን ነው ዳውን ያስፈለገን።

ቀሪውን እኅቴ በእጇ ዳሰሰችልኝ። የክፍልፋዮቹ ስፌት ከውጭ እስከ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ በየስፌቱ ላይ ሙሌት ስለማይኖር ብርድ ይገባል፤ በሁለቱ ጨርቆች መካከል ስስ ግድግዳ እየተሰፋ እንደ ሳጥን የተከፋፈለው ይሻላል። በዚፑ ርዝመት ሁሉ የተሞላ መከለያ፣ አንገት ላይም የሚታሰር ወፍራም ኮሌታ ሊኖር ይገባል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ሳለ አንድ ነገር አመለጠን፤ ቁመቴን ሳትጠይቀኝ ረጅሙን ገዛች። ባዶ የሚቀረውን የእግር ጫፍ ማሞቅ ለኔው ገላ ስለሚተርፍ፣ ዛሬም ማታ ማታ የነገ ልብሴን እዚያ እጎሰጉስበታለሁ።

ከረጢቱ በነሐሴ በዘመድ እጅ መጣ። ተጨምቆ ከከረመ ዳውኑ እንደሚሰባበር ስለማውቅ እስከ ጉዞው ድረስ ቁም ሣጥን ውስጥ በልቅ የጥጥ ከረጢት አንጠልጥዬ አኖርሁት።

በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ዳግመኛ ጊች ደረስን። በዚህ ጊዜ ከሥሬ ሁለት ምንጣፍ ነበረኝ፤ ታች የሚታጠፍ የስፖንጅ ምንጣፍ፣ በላዩ በትንፋሽ የሚነፋ። የሁለቱ የመከላከል አቅም ስለሚደመር አንድ ውድ ምንጣፍ ከመግዛት ይረክሳል። ከመተኛቴ አንድ ሰዓት በፊት ከረጢቱን አውጥቼ እያራገፍሁ እንዲነፋ ስተወው የዓመቱ ጠባቂያችን፣ ከአምናው ያነሱ ጎልማሳ፣ ጠጋ ብለው በእጃቸው መዘኑት።

«ባዶ ነው እንዴ?»

«የዳክዬ ላባ አለበት» አልሁ።

«የኛ ባና ይህን ሦስት እጥፍ ይመዝናል» ብለው ጠረጠሩኝ።

ትኩስ ሻይ ጠጥቼ፣ ደረቅ ካልሲ ለውጬ፣ ፍል ውኃ የሞላሁበትን ኮዳ ጨርቅ ጠቅልዬ እግሬ ሥር አስገብቼ ተኛሁ። አንገቴ ላይ ያለውን ኮሌታ ሳስረው፣ በተነቃነቅሁ ቁጥር ሾልኮ ይወጣ የነበረው ሞቃት አየር ቀረ። አፌንና አፍንጫዬን ወደ ውስጥ ላለመቅበር ግን ታገልሁ፤ ትንፋሽ እርጥበት ነው፣ ዳውንም እርጥበት ይጠላል። ሌሊት አንድ ጊዜ ብቻ ነቃሁ፤ እሱም ስለሞቀኝ ዚፑን ጥቂት ለመክፈት ነበር። ንጋት ላይ ድንኳኑ በር ላይ የሰቀልሁት ቴርሞሜትር −4 ያሳያል፤ ውጭ የተረሳው የጓደኛዬ የውኃ ጠርሙስ አፉ ላይ በረዶ ሠርቷል። ጓደኛዬ በአምናው ዓይነት የኪራይ ከረጢት ስለነበረ እሳቱ ዳር አገኘሁት፤ ምን ያህል እንደተኛሁ አልነገርሁትም።

ከረጢቱ ከውጭ በኩል ትንሽ ረጥቦ ስለነበር ገልብጬ ፀሐይ የነካው ድንጋይ ላይ አሰጣሁት። ጭላዳዎቹ ከገደሉ አፍ ወጥተው ሣር እየነጩ እስኪቀርቡን ድረስ ደርቆ፣ እንደ ጠዋት ዳቦ ተነፍቶ አገኘሁት፤ ያኔ አየሩን በጉልበቴ እየጨመቅሁ ወደ ሻንጣዬ መልሼ እሜት ጎጎ ወደሚባለው ገደላማ ጫፍ መንገድ ጀመርን።