ዋይፋዩ ሙሉ፣ ኢንተርኔቱ ባዶ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ብርዷን ሁሉም ያውቀዋል። የቤታችን ግድግዳ ወፍራም ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱም የብረት መዝጊያ ያለው ነው። ብርድ አያስገባም፤ ኔትወርክም አያስገባም።

የፋይበርም ሆነ የመዳብ መስመር ስላልተዘረጋልን ሲም ካርድ የሚወስድ ራውተር ገዝቼ ሳሎን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጥኩት። እናቴ ስልኳን ዘርግታ «ይኸው ዋይፋዩ ሙሉ ነው፤ ታዲያ ቪዲዮው ለምን ይቆማል?» አለችኝ።

ምልክቱ የሚናገረው ከስልኳ እስከ ራውተሩ ስላለው መንገድ ብቻ ነው። ዋይፋይ ከራውተሩ ወዲያ ያለውን አያውቅም። ኢንተርኔቱ የሚመጣው በሞባይል ዳታ ነው፤ እርሱም ከሩቅ ማማ ተነስቶ የእኛን ድንጋይ መብሳት አለበት። ማማውን ሰፈሩ ሁሉ ስለሚካፈለው ምሽት ላይ መንቀራፈፉ አይቀርም።

ስለዚህ ሥራውን ከማማው ጀመርኩ። በራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ላይ አርኤስአርፒ የሚባል ቁጥር አለ፤ ከማማው የሚደርሰውን ጉልበት ይለካል። ሳሎን ውስጥ ከዜሮ በታች 112 ያሳይ ነበር፤ መንገዱን በሚያየው መስኮት ደፍ ላይ ከዜሮ በታች 94 ሆነ፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። ትንሽ ልዩነት ይመስላል። ሆኖም በዚህ መለኪያ እያንዳንዱ 10 አሥር እጥፍ ስለሆነ፣ 18 ማለት ከስልሳ እጥፍ በላይ ነው! ማታ የብረት መዝጊያው ሲዘጋ ግን ቁጥሩ ተመልሶ ወረደ፤ ያ መስኮት አሁን መጋረጃ ብቻ ነው የሚጋረድበት።

ራውተሩ ወደ ዳር ሲሄድ ጓዳው ራቀ። 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ፈጣን ቢሆንም ድንጋይ ያደክመዋል፤ የእናቴን ስልክ ድንጋይን በተሻለ በሚያልፈው በ2.4 ጊጋኸርዝ አገናኘሁት።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የዳታ ጥቅሉን ነው። ስልክ ዋይፋይ ሲያገኝ ገደብ የሌለው መስመር መስሎት ፎቶ ይጭናል፣ መተግበሪያ ያድሳል፤ ሒሳቡ ግን ከሲም ካርዱ ይቆረጣል። በየስልኩ የዋይፋይ ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ ግንኙነቱ የሚለካ (በመጠን የሚከፈልበት) መሆኑን መረጥኩ። ጥቅሉ ዕድሜ አገኘ።

መብራት ሲጠፋ ራውተሩ አብሮ ይጠፋል፤ ማማው የራሱ ባትሪ ስላለው የስልክ ዳታ ለጊዜው ይቆያል። ለራውተር የሚሆን ትንሽ ባትሪ ገበያ ላይ አለ፤ ከመግዛታችሁ በፊት በራውተሩ ቻርጀር ላይ OUTPUT ተብሎ የተጻፈውን ቮልት አንብቡ፤ ባትሪውም ያንኑ መስጠት አለበት። የእኔ 12 ነው።