«ብብትዎን ያምዎታል?»

ዶክተሩ የታመመ ጉልበታቸው በቀዶ ሕክምና በሰው ሠራሽ እንዲተካ ሐሳብ ሲያቀርብላቸው፣ አባባ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ትኩር ብለው አዩትና «የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ልጣል እንዴ?» አሉ።

ሜሪላንድ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል በአማርኛ አስተርጓሚነት ስሠራ 11 ዓመት ሆኖኛል። ተረትና ምሳሌ ሲመጣ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ ብዬ አምን ነበር። የዚያን ቀን ግን ቀጠሮው ዘግይቶ ስለ ነበር ቶሎ ለመጨረስ ብዬ እንዳለ አቀበልኩት። ቆጡን ከፍ ያለ መደርደሪያ አልኩት፣ ብብቱን ብብት አልኩት። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ታካሚ የሚለውን ከልቡ ይሰማል። ከልቡ በመስማቱም ወንበሩን አስጠግቶ «ብብትዎን ያምዎታል? እብጠት ነገር አለው?» ብሎ እጁን ወደ አባባ ክንድ ዘረጋ። አባባ ክንዳቸውን ከጎናቸው ጋር ጥብቅ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አልሽብኝ?» የሚል አስተያየት ነበር። እስካሁን ከፊቴ አልጠፋም።

ያን ጊዜ ነው ዳርሞክ ትዝ ያለኝ።

ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ አስተባባሪያችን የሁሉንም ቋንቋ አስተርጓሚዎች ሰብስባ ለሥልጠና ብላ ስታር ትሬክ ከተባለው የጠፈር ጉዞ ተከታታይ ፊልም አንድ ክፍል አሳይታን ነበር። የኔክስት ጄኔሬሽን አምስተኛ ምዕራፍ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 1991 የታየ፣ ርእሱ «ዳርሞክ»። የጠፈር መርከቧ ላይ የማንኛውንም ፍጡር ንግግር ወዲያው የሚተረጉም መሣሪያ አለ። ታማርያን የሚባሉት ፍጡራን ሲናገሩም መሣሪያው ሥራውን ይሠራል፤ ቃሉ ሁሉ ይተረጎማል። የሚሰማው ግን «ዳርሞክና ጃላድ በታናግራ» የሚል ነገር ነው። ሰዎቹ የሚነጋገሩት በታሪኮቻቸው ነው። ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ቃሉ ቢተረጎምለት ምን ይጠቅመዋል? ከጎኔ የነበረችው የትግርኛ አስተርጓሚ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «መሣሪያው ሰሙን እየተረጎመ ወርቁን ይጥላል» አለችኝ። ከዚያ የተሻለ አገላለጽ በዚያ ሥልጠና አልሰማሁም።

ይህ ለእኛ የየቀኑ ሥራ ነው። «ጨጓራ አለብኝ» የሚል ሰው ጨጓራ እንዳለው እየነገረን አይደለም። «ደም ብዛት አለብኝ» ያለችውም ደሟ ተርፎ አይደለም። «ሆዴ ባባ» ሲባል በስልክ የተገናኘ አስተርጓሚ የሆድ ሕመም አድርጎት ሴትዮዋ ለሆድ ምርመራ ስትላክ አይቻለሁ። ያጣችውን ልጇን እያነሣች ነበር።

ክፍሉ ሲያልቅ አስተባባሪያችን መብራቱን አበራች። የታማርያኖቹ ካፒቴን ዳተን የሞተበትን ቦታ ስታይ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «የምታደርሱት ቃል አይደለም፣ ትርጉም ነው» አለችን። ጻፍኩት። ደብተሬ ላይ ዛሬም አለ።

እና አባባ ክንዳቸውን አጣብቀው ሲያዩኝ እጄን አነሣሁና ዶክተሩን «አስተርጓሚዋ ማብራሪያ መስጠት ትፈልጋለች» አልኩት። ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር ነው፤ ቆጥ ላይ ያለውን ላውርድ ስትል በብብቷ የያዘችውን ስለጣለች ሴት ይነገራል፤ የተሻለ ፍለጋ ያላቸውን እንዳያጡ ፈርተዋል፤ አሁን በምርኩዝም ቢሆን ይራመዳሉ፣ ያንን እንዳያጡ ነው፤ እንዳያጡት የፈሩትን ብትጠይቃቸው ጥሩ ነው አልኩት። አንድ ደቂቃ ያህል በእንግሊዝኛ አወራሁ።

«ልጄ» አሉኝ አባባ፣ ስጨርስ። «ስለ እኔ ነው የምታወሩት?»

ደነገጥኩ። በሁለት ሰዎች መካከል ቆሜ ለአንደኛው ብቻ ስናገር ሌላኛው ምን እንደተባለ አለማወቁ በዚህ ሥራ ትልቅ ጥፋት ነው። ይቅርታ ጠይቄ ያልኩትን በሙሉ ነገርኳቸው። መራመድን እንዳያጡ ፈርተዋል ያልኩበት ላይ ስደርስ አቋረጡኝ።

«ኧረ ማን ስለ መራመድ አወራ?» አሉ። «ስግደቴን ነው እንጂ! እያመመኝም ቢሆን ወርጄ እነሣለሁ። ስቅለት ሲመጣ ከሰው እኩል እሰግዳለሁ። ይሄ ብረት ከገባ በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰው ሲሰግድ ልይ?»

ይህን ተረጎምኩ። ዶክተሩ ዝም ብሎ ቆየና ሲሰግዱ እንዴት እንደሚወርዱ እንዲያሳዩት ለመናቸው። አባባ አልጋውን ተደግፈው አንድ ጊዜ በግንባራቸው እስከ ወለሉ ወርደው ተነሡ። ጉልበታቸው ሲንኮሻኮሽ ተሰማኝ። ዶክተሩ ያየውን አይቶ እውነቱን ነገራቸው፤ ሰው ሠራሹ ጉልበት የመራመዱን ሕመም በደንብ ያቀልላል፣ ተንበርክኮ መቆየት ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ይከብደዋል፣ እስከ ተረከዝ ድረስ መታጠፍማ አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከፋሲካ በኋላ እንነጋገር» አሉና ምርኩዛቸውን አነሡ።

በማግሥቱ አስተባባሪያችን ጠራችኝ። ቀጠሮው 20 ደቂቃ አልፏል፣ ታካሚው ለቀዶ ሕክምናው ሳይፈርም ሄዷል፣ አስተርጓሚዋም ዶክተሩን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ነግራዋለች ተብሎ ደርሷታል።

«አንቺ ድምፅ ነሽ» አለችኝ። «ሐሳብ የምትጨምሪ ሰው አይደለሽም።»

የራሷን ቃል መለስኩላት። የምታደርሱት ቃል አይደለም ብለሽ ነበር፣ ዳርሞክን ያሳየሽንም ለዚህ ነበር አልኳት።

«ያ እኮ ፊልም ነው» አለችኝ።

ከሰጠችኝ ማስጠንቀቂያ ይልቅ ይቺ ዓረፍተ ነገር ናት እስከ ዛሬ የምትቆረቁረኝ። ፊልም ከሆነ ሁላችንንም ከሥራ አስቀርተሽ ለምን አሳየሽን? ፊልም ከሆነ ለምን እንባ አቀረረሽ? የአገሪቱ የጤና አስተርጓሚዎች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብም ቢሆን የመልእክቱን ይዘትና መንፈስ ከነባህሉ አድርሱ ነው የሚለው። ይህንንም አልኳት። ማስጠንቀቂያው ግን ፋይሌ ውስጥ ገባ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሣ ብዙ ቆየሁ።

ማታ ቤቴ ክፍሉን እንደገና ከፈትኩት፤ እንደ ማስረጃ ልይዘው ፈልጌ ነበር። መጀመሪያ ሳየው ያለፈኝን ነገር አየሁ። መርከቧ ላይ የቀሩት ባልደረቦች ዳታና ትሮይ መዝገብ ሲያገላብጡ ዳርሞክ አዳኝ እንደሆነ፣ ታናግራ ደሴት እንደሆነ ያገኛሉ። ንግግሩ በምሳሌ እንደሚሠራም ይገባቸዋል። ሆኖም አንዲት ቃል እንኳ ከታማርያኖቹ ጋር መነጋገር አይችሉም። የመርከቧ ካፒቴን ፒካርድ የገባው ታች፣ ከዳተን ጋር ፕላኔቱ ላይ ሆኖ ነው። ሌሊት እሳት ማንደድ አቅቶት በብርድ ሲሰቃይ ዳተን ከራሱ እሳት የሚነድ እንጨት ወረወረለት፤ ሲወረውርለትም የሆነ ሰው እጁን እንደዘረጋ ተናገረ። መስጠት ማለት መሆኑን ፒካርድ የተማረው እሳቱን ተቀብሎ ነው። አስተርጓሚ አልነበራቸውም።

እኔ የዚያን ቀን መዝገብ አገላባጯ ነበርኩ። የተረቱን ትርጉም አውቄያለሁ፤ አባባ በብብታቸው የያዙትን አላወቅሁም። መራመድ ነው ብዬ በእሳቸው ቦታ ተናገርኩ። አባባ «ስለ እኔ ነው የምታወሩት?» ባይሉ ኖሮ ያ ስሕተት እንደ ቃላቸው ተመዝግቦ ይቀር ነበር። አስተባባሪዬ አንዴም ያላነሣችው ጥፋት ይህ ነው፤ እሷን ያሳሰባት ያለፈው 20 ደቂቃና ያልተፈረመው ወረቀት ነበር። ጠይቃቸው በማለቴ ግን አልጸጸትም። ስግደቱ የወጣው በዚያ ጥያቄ ነው። አሁን ምሳሌ ሲመጣ መጀመሪያ ወደ ተናጋሪው ዞሬ በአማርኛ «የእርስዎ ብብት ውስጥ ምን አለ?» ዓይነት ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ እንደጠየቅሁም ለሐኪሙ እነግረዋለሁ። ይህም ደቂቃ ይወስዳል። ሌላ ማስጠንቀቂያ ቢያመጣም ያምጣ።

አባባ ፋሲካ አልፎ በሃምሳው ውስጥ፣ ጾምም ስግደትም በሌለበት ሰሞን ተመልሰው መጡ። ነጭ ጋቢያቸውን ደርበዋል፣ ፊታቸው ፈክቷል። ስቅለትን ቆመው እንደሰገዱ ነገሩን። ቀዶ ሕክምናውን ለጊዜው ትተው የጉልበት መርፌውንና የአካል እንቅስቃሴ ሕክምናውን ሊሞክሩ ወስነዋል። ዶክተሩ ይህን ሁሉ ጻፈ። ከዚያ ብዕሩን አስቀምጦ፣ እኔን ሳይሆን እሳቸውን እያየ፣ የራሱን ብብት በእጁ ነካ አደረገና አንዲት አጭር ጥያቄ ጠየቀ።

ቃል በቃል ተረጎምኩት። «የብብትዎስ?»

አባባ ጥርሳቸው እስኪታይ ሣቁ። ክንዳቸውን ከጎናቸው ጋር ጥብቅ አደረጉና «አልጣልኩትም» አሉ። ያንንም ቃል በቃል ተረጎምኩት።