ኤርፍሎ ሴንሰር ከመቀየራችሁ በፊት

የመኪናው ኮምፒውተር ፒ 0171 የሚል የብልሽት ኮድ ሲያወጣ ወዲያው ኤርፍሎውን፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካውን ሴንሰር፣ መቀየር የተለመደ ነው። ኮዱ ግን የሚለው ለገባው አየር ቤንዚኑ እንዳነሰ ብቻ ነው። ምክንያቱን ማግኘት የእኛ ሥራ ነው። ባለ 1.8 ሊትር ቶዮታ ኮሮላን እንውሰድ።

ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ስካነሩ (ኮዱን የሚያነበው መሣሪያ) ላይ የረጅም ጊዜውን የቤንዚን ማስተካከያ መቶኛ እዩ፤ ይህ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ስንት በመቶ እንደጨመረ (+) ወይም እንደቀነሰ (-) ያሳያል። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) +15 ሆኖ በደቂቃ 2500 ዙር ላይ ወደ +3 ከወረደ፣ ሴንሰሩን ተዉትና ከእሱ በኋላ አየር የሚሾልክበትን ቦታ ፈልጉ፦ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ወይም ያለቀ የማኒፎልድ (የአየር ማከፋፈያው) ጓርኒሲዮን ሊሆን ይችላል። ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ +15፣ +20 ከደረሰ ግን የሚጠረጠሩት የቆሸሸ ኤርፍሎና የደከመ የቤንዚን ፓምፕ ናቸው። የቤንዚን ግፊት መለኪያ ጌጅ አስገብታችሁ ለኩ፤ ግፊቱ ጭነት ላይም 3 ባር አካባቢ ከቆየ ፓምፑ ነፃ ነው።

ቀጥሎ ስካነሩ በሰከንድ ስንት ግራም አየር እንደሚያሳይ እዩ። ሚኒሞ ላይ ከ2 እስከ 3 ግራም ይላል፤ የቆሸሸ ሴንሰርም ይህን ሊያሳይ ስለሚችል እዚህ ላይ አትፍረዱ። ጭር ያለ መንገድ ላይ አንድ ሰው እየነዳ ሌላው ስካነሩን ይያዝ። በ2ኛ ማርሽ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ተረግጦ 5000 ዙር ሲደርስ ሞተሩ በሰከንድ 75 ሊትር ይስባል። ባሕር ጠረፍ ላይ አንድ ሊትር አየር 1.2 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን 0.9 ገደማ ነው። ሞተር ሙሉ በሙሉ ስለማይሞላ፣ አዲስ አበባ ላይ ከ55 እስከ 60 ግራም ጤነኛ ንባብ ነው። ከውጭ አገር ጽሑፍ ላይ 75 የሚል ቁጥር ይዞ ደህናውን ሴንሰር መጣል ትልቅ ስህተት ነው። 40 ላይ ከቆመ ግን፣ የአየር ማጣሪያው ካልተዘጋና የጭስ መውጫው ካታሊስት ካልታፈነ፣ ኤርፍሎው እያሳነሰ ነው።

የሚያሳንሰውም በውስጡ ያለችው የጋለች ሽቦ በአቧራ ስትሸፈን ነው። አየሩ እንደሚገባው አያቀዘቅዛትም፤ ኮምፒውተሩም ጥቂት አየር የገባ ይመስለዋል። ማጣሪያን በኮምፕሬሰር እየነፉ መልሶ መግጠም ይህን ያፋጥናል፤ ወረቀቱ ይላላና ደቃቁን አቧራ ያሳልፋል።

ከማጠብ በፊት ገመዱን ፈትሹ። ቁልፉ በርቶ፣ ሶኬቱ ላይ የባትሪው ቮልት መድረስ አለበት። ሞተሩ እየሠራ በሴንሰሩ ግራውንድ (የኔጋቲቭ ሽቦ) እና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ከ0.1 ቮልት በላይ ካለ ግራውንዱ ደካማ ነው። ሶኬቱን ስታነቃንቁት ንባቡ ከዘለለ ጥፋቱ ፒኑ ላይ ነው።

የምታጥቡት ለኤርፍሎ በተሠራው ስፕሬይ ብቻ ነው፤ የካርቡሬተር ማጽጃ ቅባት ሊተውና ፕላስቲኩን ሊጎዳ ይችላል። ሞተሩን አጥፉ፣ ሴንሰሩን ፍቱ፣ ሽቦዋን ሳትነኩ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ርጩ፤ በራሱ ይድረቅ፣ በኮምፕሬሰር አትንፉት። ከዚያ ኮዱን አጥፍታችሁ ያንኑ ዳገት ውጡ።

መቶኛው ካልወረደ ያኔ ቀይሩት። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ስትገዙ ሶኬቱ መግጠሙ አይበቃም፤ የቱቦው ስፋት ከተለያየ ንባቡ ይሳሳታልና የዕቃ ቁጥሩ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ።