ሰርጉ ደሴ፣ እኔ በርሊን

«ሥራሽ ምንድን ነው ልጄ?» ለሚሉኝ ትልልቅ ሰዎች መልሴ አጭር ነው፦ ኢሞ ላይ ስትደውሉ ምስሉ ለምን እንደሚቆራረጥ አጠናለሁ። ከዚህ በኋላ ወሬው የእነሱ ነው። የቪዲዮ ጥሪ ያላስለቀሰው ስደተኛ አላጋጠመኝም። ሻርጃ ያለችው እህቴ፣ ኤምሬትስ ውስጥ በዋትሳፕ መደወል ስለተዘጋ በቦቲም ነው የምታገኘን። እዚህ በርሊን ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንዲት እናት ደግሞ የአባታቸውን ቀብር የተከታተሉት በስልክ ነበር። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ስክሪኑ በሙሉ አረንጓዴ ሆነባቸው። ስልኩን የነካሁት እኔ ነኝ፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ እያሉ ለዓመታት ሲብሰለሰሉ ኖረዋል።

ለእሳቸው ያስረዳሁትን እዚህም ልጻፈው፤ ብዙ ሰው ያየው ነገር ነውና። ቪዲዮ የሚላከው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ተከፍሎ አይደለም። የሚላኩት ሦስት ዓይነት ቁጥሮች ናቸው፦ አንዱ ቁጥር የብርሃኑን መጠን ይይዛል፣ ሁለቱ ደግሞ ቀለሙ ወደየት እንዳዘነበለ ይናገራሉ። ቀለም አልባ ግራጫ ነገር በሁለቱ የቀለም ቁጥሮች ላይ 128 ተብሎ ይጻፋል እንጂ ዜሮ አይባልም። ዳታው መንገድ ላይ ጠፍቶ ቦታው በዜሮ ሲሞላ ሦስቱ ዜሮዎች ወደ ስክሪን ቀለም ሲመለሱ አረንጓዴ ይሆናሉ። አረንጓዴው ማለት ያልደረሰ ምስል ነው። ስልካቸው ደህና ነበር፣ እሳቸውም ያጠፉት ነገር የለም። ይህን ስነግራቸው እጄን ይዘው «ታዲያ ይህን ለምን ማንም አይነግረንም?» አሉኝ። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ጥያቄያቸው ነው።

ባሕር ዳር ፖሊ ስማር ቪዲዮ ኮዲንግ (ቪዲዮን ጨምቆ የመላክ ዘዴ) ለእኔ በአንድ ኮርስ መጨረሻ ላይ በጥድፊያ የሚታለፍ ምዕራፍ ነበር። በርሊን ስመጣ ግን የሙያው መናኸሪያ መሀል ወደቅኩ። እዚህ ያለው የፍራውንሆፈር ሃይንሪሽ ሄርትዝ ኢንስቲትዩት ቪዲዮ በሚጨመቅባቸው ደረጃዎች፣ በ2003 በወጣው ኤች 264፣ በ2013 በወጣው ኤች 265 እና በ2020 በጸደቀው ኤች 266 ላይ ትልቅ ድርሻ አለው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። እኔ የምሠራው ሌላ ላብራቶሪ ነው፤ ነገር ግን እዚህ ከተማ ውስጥ ስለ አንድ ቢት (የዳታ ትንሿ መለኪያ) ቁጠባ ሰዓት ሙሉ የሚከራከር ሰው ማግኘት አይቸግርም።

ቁጠባው ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ልናገር። 640 በ360 ፒክስል የሆነች ትንሽ ምስል በሰከንድ 15 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ብቻ ብትላክ፣ ሳትጨመቅ በሰከንድ ከ41 ሜጋቢት በላይ ትፈጃለች። የእናቴ ስልክ ማታ ላይ የሚያገኘው 300 ኪሎቢት ከሆነ፣ ከ130 እጥፍ በላይ መቀነስ የግድ ነው። ያውም ፊቷ ፊቷን መስሎ እንዲደርሰኝ።

ስልኩ ውስጥ ምስሉን የሚጨምቀው ክፍል፣ ኢንኮደሩ፣ ይህን የሚሠራው ያለፈውን በማስታወስ ነው። የመጀመሪያውን ፍሬም ሙሉውን ይልካል፤ ቁልፍ ፍሬም እንለዋለን። ከዚያ በኋላ ምስሉን በካሬ በካሬ ይከፋፍልና «ይህ ካሬ ቅድም እዚያ ነበር፣ አሁን ሁለት ፒክስል ወደ ቀኝ ሄዷል» እያለ እንቅስቃሴውን ብቻ ይጽፋል። ግምቱ ያልገጠመበትን ቀሪ ልዩነት ወደ ሞገዶች ይለውጥና ዓይን እምብዛም የማይለየውን ረቂቅ ዝርዝር ይጥላል።

ወደ ሞገድ የሚለውጠው ስሌት ዲስክሪት ኮሳይን ትራንስፎርም ይባላል። አመንጪው ናሲር አሕመድ፣ ከህንድ ባንጋሎር ወደ አሜሪካ የተሻገሩ፣ ካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩ ሰው ናቸው። በ1972 ሐሳባቸውን ይዘው ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የጥናት ገንዘብ ጠየቁ፤ አልተሰጣቸውም። ሥራውን ግን አልተዉትም። ከናታራጃንና ከራኦ ጋር ጨርሰው በጥር 1974 አሳተሙት። ጄፔግ ፎቶም ሆነ ኤች 264 የቆሙት በዚህ ስሌትና ከእሱ በተወለዱት ላይ ነው። ታሪካቸውን ያነበብኩት የመጀመሪያው የበርሊን ብርድ አጥንቴ በገባበት ሰሞን፣ የመጣሁበትን ሁሉ በምጠራጠርበት ጊዜ ነበር። ስማቸው እስከ ዛሬ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተለጥፏል።

ያለፈው ጥር ታናሽ ወንድሜ ደሴ ላይ አገባ። የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት ላይ ስለነበረ ከጀርመን መውጣት አልቻልኩም። ያለኝ ምርጫ የአክስቴ ልጅ ስልክ ነበር። ሙሽሮቹ አዳራሹ ውስጥ እስኪቀመጡ ድረስ ምስሉ ሸጋ ነበር፤ የሙሽራዋን ጥልፍ ሳይቀር ለይቻለሁ። ከዚያ ሰዉ ሆ ብሎ ተነሣ፣ እስክስታው ቀለጠ።

ኢንኮደርን እንደ እስክስታ የሚያስጨንቀው ነገር ጥቂት ነው። ሰው ሲራመድ ካሬዎቹ አብረው ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄዱ መገመት ይቻላል። እስክስታ ላይ ግን አንገቱ ቆሞ ትከሻው ይነሣል፣ ደረቱ ይገፋል፣ ነጠላው በራሱ መንገድ ይሄዳል፤ በሰከንድ 15 ጊዜ ብቻ በሚያነሣ ካሜራ ደግሞ ትከሻው በሁለት ፍሬሞች መካከል ወጥቶ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ኢንኮደሩ ካሬው ቅድም የት እንደነበረ ሲያስስ አያገኘውም፣ ግምቱ ይስታል፣ መላክ ያለበት ልዩነት ይበዛል። በዚያ ላይ የአዳራሹ መብራት ቀለሙን ይለዋውጣል። የአክስቴ ልጅም ስልኩን ይዞ አብሮ ይጨፍር ነበር፤ ስልኩ ሲወዛወዝ ለኢንኮደሩ የቆመው ግድግዳ ሳይቀር ይወዛወዛል። እናቴ በሀበሻ ቀሚሷ መሀል ስትገባ እኔ ያየሁት በነጭ ካሬዎች መካከል አንድ ጥቁር ካሬ ነው።

ጥቁሩ ካሬ ፊቷ ነበር። ይህ ከሥራዬ ሁሉ የሚያንገበግበኝ ነገር ነው። ካሜራው ነጩ ልብስ በብርሃን ብዛት እንዳይጠፋ ብርሃኑን ሲቀንስ የእኛ ፊት ይጨልማል። ጨለማ ቦታ ላይ ያለ ስስ የብርሃን ልዩነት ደግሞ ቢት ሲያጥር ቀድሞ ከሚጣለው ውስጥ ነው። እንደዚህ ያለ ችግር የሚታየው ሲፈተን ነው፤ የሚፈተነው ግን በምን ላይ ነው? በሙያችን ውስጥ ሁሉም የሚጠቀምባቸው የታወቁ የመፈተኛ ቪዲዮዎች አሉ። አኪዮ የምትባለው ዜና አንባቢዋ አለች፣ የሥራ ቆብ ያደረገው ፎርማን አለ፣ ኋላ ደግሞ ለቪዲዮ ስብሰባ የተቀረጹት ጆኒ፣ ክሪስተንና ሳራ መጡ። ደህና ብርሃን ያላቸው፣ ጥሩ ካሜራ ያነሣቸው ናቸው። በአንድ አምፖል በምትበራ ሳሎን ነጠላ አጣፍታ የተቀመጠች እናት ከእነሱ መካከል የለችም። ስለዚህ በርሊን ያሉ ወዳጆቼን ፈቃድ ጠይቄ የራሴን መቅረጽ ጀመርኩ፦ ቡና ሲፈላ በደብዛዛ መብራት፣ ጥቁር ፊት ከነጭ ነጠላ ጋር፣ እስክስታ ስልክ በያዘ እጅ ሲቀረጽ። ዛሬ የማሻሽለውን ሁሉ መጀመሪያ የምፈትነው በእነዚህ ላይ ነው።

ሰርጉ ላይ ሌላም ነገር ሆነ። መብራት ሄደ፣ ጄኔሬተር ተነሣ፣ የአዳራሹ ዋይፋይ ግን አልተመለሰም፤ ምስሉም ቆመ። ምስል ሲቆም በመስመሩ ላይ የሚሆነው ይህ ነው፦ አንድ ፓኬት (ተቆርጦ የሚላክ የዳታ ቁራጭ) ሲጠፋ ከሱ በኋላ ያለው ፍሬም ሁሉ በተሳሳተ ትዝታ ላይ ይገነባል። የእኔ ስልክ ወደ ደሴው ስልክ «አዲስ ቁልፍ ፍሬም ላክልኝ» ይላል። ቁልፍ ፍሬም ከሌሎቹ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። መስመሩ ቀድሞም ስለተጨናነቀ ቁልፍ ፍሬሙ ራሱ ወረፋ ይይዛል፣ ከፊሉም ይወድቃል። ስልኬም መልሶ ይጠይቃል። ሰው «ቀጥ አለ» የሚለው ብዙውን ጊዜ ይህን አዙሪት ነው።

መጨናነቅ የድሃ አገር ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ፣ በጥቅምት 1986 አሜሪካ ውስጥ በሎረንስ በርክሌይ ላብራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል፣ በእግር በሚደረስበት ርቀት፣ መስመሩ ከ32 ኪሎቢት ወደ 40 ቢት በሰከንድ ወርዶ እንደነበረ ይወቅ። ቫን ጃኮብሰን በ1988 ያሳተመው መፍትሔ ላኪው መጨናነቁን አይቶ ፍጥነቱን እንዲቀንስ የሚያደርግ ነው። ለፋይል ይህ በቂ ነው፤ ፋይል ቢዘገይም ይደርሳል። በቪዲዮ ጥሪ ግን ኔትወርኩ «ቀንስ» ሲል ኢንኮደሩ ትልቁን ፍሬም ጨምቆ ጨርሶታል። አንድ ስልክ ውስጥ ተቀምጠው ኔትወርኩን የሚከታተለው ክፍልና ምስሉን የሚያምቀው ክፍል የሚሰማሙት ዘግይተው ነው።

በ2018 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳልሲፋይ የተባለ ሥራ ወጣ። ለእያንዳንዱ ፍሬም ሁለት መጠን ያዘጋጃል፤ ኔትወርኩ በዚያች ቅጽበት የሚችለውን አይቶ የሚመጥነውን ይልካል፤ ሁለቱም ካልመጠኑ ፍሬሙን ይዘለዋል። ያን ጽሑፍ አንብቤ ስጨርስ የምሠራበትን መንገድ አወቅኩ። ኤች 266 በተመሳሳይ ጥራት ከኤች 265 ግማሽ ገደማ ቢት ብቻ መውሰዱ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ለማመቅ የሚጠይቀው ስሌት የእናቴን ስልክ ዓይነት አያስተነፍሰውም። ለእኛ ሰው ቶሎ የሚደርሰው ለውጥ እጁ ላይ ባለው በአሮጌው ኤች 264 ኢንኮደሩንና ኔትወርኩን በጊዜ ማነጋገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ የጥናቴም ልብ ይሄው ነው።

ባሕር ዳር አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ሁለት ስልክ ይዞ መስመሩን ይለካልኛል፤ ቤት ውስጥ፣ መኪና ላይ፣ መብራት ሲጠፋም ጭምር። መብራት ሲጠፋ ዋይፋይ ላይ የነበረው ሰፈር በአንድ ጊዜ ወደ ሞባይል ዳታ ስለሚዞር አንቴናው ይታነቃል፤ በልኬቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በዚህ ላይ ተመሥርቼ የጻፍኩትን የመጀመሪያ ጽሑፍ አንድ ገምጋሚ «እንዲህ ያለ መስመር ከተለመደው ውጪ ነው» ብሎ መለሰው። ተናደድኩ፣ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። ለማን ነው ያልተለመደው? ማታ ማታ ስንት እናት በዚህ መስመር ላይ ልጇን ታያለች! ልኬቶቹን ጨምሬ፣ ተጨማሪ ሙከራ አክዬ ሌላ ጉባኤ ላይ አቀረብኩት፤ ተቀባይነት አገኘ።

እናቴ ስለዚህ ሁሉ የራሷ አቋም አላት። «ምስሉ ይቅር ልጄ፣ ድምፅሽ ይምጣልኝ» ትላለች፤ ልክ ናት። በ2012 የጸደቀው ኦፐስ የተባለው የድምፅ ኮዴክ (መጭመቂያ) ከ6 ኪሎቢት ጀምሮ ይሠራል፤ ከቪዲዮው ጋር ሲተያይ ከምንም የሚቆጠር አይደለም። ጠላቱ መዘግየት ነው። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክር መሠረት ድምፅ ከአፍ ወደ ጆሮ በ150 ሚሊሰከንድ ውስጥ ቢደርስ ይመረጣል። የኢትዮጵያ መስመር ባሕር ስለሌለን በጅቡቲና በኬንያ በኩል ዞሮ ወደ ባሕር ሥር ኬብል ይገባል፤ ወረፋ ሲጨመርበት መዘግየቱ ከዚያ ያልፋል። የእኛ ሰላምታ ደግሞ ተደራርቦ የሚባል ነው፤ «እንዴት ነሽ» ሳያልቅ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይገባል፣ ያም ሳያልቅ «ልጆቹስ» ይከተላል። ድምፁ ሲዘገይ ሁለታችንም እንጀምራለን፣ ሁለታችንም እናቆማለን፣ ሰላምታው ይፈርሳል። ስለዚህ በእኔ ሥራ ውስጥ መስመር ሲጠብብ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያልፈው ድምፅ ነው፤ ምስሉ ቢደበዝዝም ቢዘለልም ይጠብቃል።

ለሰርግ ወይም ለለቅሶ ስልክ የምትይዙ ልጆች፣ እስከዚያው ይህን አድርጉ። ስልኩን በእጃችሁ አትያዙት፤ ብርጭቆ ላይም ቢሆን አስደግፉት፤ የቆመ ግድግዳ ቢት አይበላም። መብራቱ ከሰውየው ጀርባ ሳይሆን ከፊቱ ይሁን። ፊት ከፈለጋችሁ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ንኩት፤ ብዙ ካሜራ ብርሃኑን በነካችሁት ቦታ ይለካል። መስመሩ ሲደክም ካሜራውን አጥፉትና ድምፁን አትርፉት።

አሁን የተያዝኩበት ችግር ሙቀት ነው። ለእያንዳንዱ ፍሬም ሁለት መጠን ማዘጋጀት ርካሽ ስልክን ያግላል፣ ባትሪውንም ይጨርሳል። ሁለተኛውን ከባዶ ከማምረት ይልቅ የመጀመሪያው ያገኘውን የእንቅስቃሴ ፍለጋ መልሶ እንዲጠቀም እያደረግኩ ነው። ጓደኛዬ በሚቀጥለው ሳምንት ከእናቴ ስልክ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ስልክ ይዞ ደሴ ይወርዳል፤ አንዱን ማታ ሙሉ እየደወልን የስልኩን ሙቀት እንለካለን።