ወፍ በሊታዋ ሸረሪት

ዛሬ ከሰዓቱን ሙሉ ስለ አንዲት ሸረሪት ሳነብ ዋልኩ። ጎልያድ ወፍ በሊታ ትባላለች። በቬኔዝዌላ፣ በጉያና፣ በሱሪናም እና በሰሜን ብራዚል ደኖች መሬት ውስጥ ጉድጓድ ይዛ የምትኖር ታራንቱላ፣ ማለትም ትልቅ ፀጉራም ሸረሪት ናት። እግሮቿ ሲዘረጉ እስከ 30 ሴንቲሜትር ይደርሳሉ። በክብደት የሚስተካከላት ሸረሪት የለም።

ወፍ የምትበላው ግን ከስንት አንዴ ነው። የዘወትር ምግቧ የምድር ትል፣ ነፍሳትና እንቁራሪት ነው። ታዲያ ስሙ ከየት መጣ? እዚህ ጋ ነው ልቤ የተነካው። ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን የምትባል ሠዓሊ በ1699 እ.ኤ.አ.፣ በ52 ዓመቷ፣ ልጇን ይዛ ባሕር ተሻግራ ሱሪናም ገባች። ዛፍ ላይ የምትኖር ሌላ ታራንቱላ ትንሽዬ ወፍ ስትበላ ሣለች። ሥዕሉ በ1705 ታተመ፤ «ወፍ በሊታ» የሚለው ስምም ከዚያ መጣ። በኋላ የመጡ ምሁራን ፈጠራ ነው ብለው አጣጣሉት። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሄንሪ ዋልተር ቤትስ የተባለ እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ አማዞን ውስጥ ሸረሪት ወፍ ስትይዝ አየ። ሜሪያን ግን ይህን ሳትሰማ ነው የሞተችው። እውነት ለመናገር በጣም አሳዘነኝ።

ጎልያዷ ስትቆጣ የእግሯን ፀጉሮች እያፋተገች እንደ እባብ ታፏጫለች። ከሆዷ የሚያሳክክ ፀጉር በኋላ እግሮቿ እያራገፈች ትበትናለች። ደስ ያለኝ ደግሞ ቆዳዋን የምትቀይርበት መንገድ ነው። በጀርባዋ ትንጋለላለች። ላያት ሰው የሞተች ነው የምትመስለው። ከሰዓታት በኋላ እግሮቿን ከአሮጌው ቆዳ መዝዛ ትወጣለች።